አልባን እንግዶቹን የጠበቀበት ወቅት

አልባን ፍሌቸር ውሸታም ነበር። ይህን የምለው ስሙን ለማጥፋት አይደለም፤ ሚስቱ ዩላሊም ፊት ለፊት ትለው ነበር፣ እሱም ይስቅ ነበር። የሚተዳደረው የደሴታችንን ዋና ከተማ ሴንት ጆርጅስን ለእንግዳ በማሳየት ነው። ከወደቡ ተነስቶ፣ ዳገቱን በደረጃው ወጥቶ፣ ምሽጉ ላይ አድርሶ፣ በገበያው አደባባይ በኩል የሚመልስ የእግር መንገድ ነበረው። በዚያ መንገድ ላይ ያለ ድንጋይ ሁሉ ታሪክ አለው፤ አብዛኛውን ግን የፈጠረው ራሱ አልባን ነው። ምሽጉ ላይ ያለውን ትልቁን መድፍ መታ መታ እያደረገ፣ ይህ መድፍ በዕድሜው አንዴ ብቻ ተተኩሶ የገደለው የቄሱን ፍየል ነው ይላቸዋል። እንግዶቹም ፍየሏ አሁን ድረስ እዚያው የወደቀች ይመስል ዞር ዞር ብለው ያያሉ።

እኔንም አልማረኝም። ገበያው ውስጥ ቅመም ነው የምሸጠው፤ ገውዝ፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ። ሰዎቹን አስከትሎ ሲመጣ ባርኔጣውን ያወልቅና «ይህቺ ሜርል ትባላለች። የገዥው ልጅ ለጋብቻ ጠይቋት እምቢ ያለች ሴት ናት። ምክንያቷን ቅመም ላልገዛ አትናገርም» ይላል። ይገዛሉ፣ ምክንያቴንም ይጠይቁኛል። መጀመሪያ ላይ አፍር ነበር። ኋላ ግን እኔም ለመድኩት፤ ያንኮራፋ ነበር እላቸዋለሁ።

ቤታቸው ከእኔ ቤት ፊት ለፊት ነው፤ ከገበያው በላይ፣ መኪና ሳይቀር ትንፋሽ በሚያጥረው ዳገት ላይ። አልባን በወጣትነቱ ወደብ ላይ ጫኝና አውራጅ ነበር። ዩላሊ ደግሞ ከእናቷ የወረሰችው ባለ ሁለት ፎቅ የእንጨት ቤት ነበራት። ሲጋቡ ላይኛውን ፎቅ ለእንግዳ ማረፊያ አደረጉት፤ አራት ክፍሎች፣ በረንዳቸው ወደ ባሕሩ የዞረ። ያኔ እንግዳ የሚመጣው በሰው በሰው ነበር። አንዱ አርፎ ይሄዳል፣ አገሩ ገብቶ ለጎረቤቱ ያወራል፣ ጎረቤቱ ደግሞ ስልክ ይደውላል። ስልኩ ሲጮህ ዩላሊ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ስትሮጥ በመስኮቴ አያታለሁ። አንዲት ልጃቸው ሸርሜይን በክርስትናዋ ቀን ያቀፏት፣ ከትምህርት ቤት ስትመረቅም መጥተው ያጨበጨቡላት እንግዶች ነበሩ።

ከዚያ ስልኩ እየቆየ፣ እየቆየ ዝም አለ። የድሮዎቹ እንግዶች አረጁ፣ ዳገቱ ከበዳቸው፣ ከፊሎቹም ሞቱ። አዲሶቹ ሁሉን ነገር እቤታቸው ተቀምጠው በጣታቸው ጨርሰው የሚመጡ ሆኑ፤ አልጋውን፣ መኪናውን፣ ምሳውን፣ አስጎብኚውን ጭምር። መርከብ ሲገባ አልባን እንደ ልማዱ ባርኔጣውን አድርጎ ይወርዳል። ሰዎቹ ግን እንደ ስልክ እንጨት በጎኑ አልፈውት፣ ስማቸውን በሰሌዳ ጽፈው ወደሚጠብቋቸው ወጣቶች ይሄዳሉ። ማታ ሲመለስ ዩላሊ እንዴት ዋልክ አትለውም። ዶሚኖ ተጫውቶ የመጣ ያህል ስለ ሌላ ሌላው ያወራሉ።

ሸርሜይን ግራንድ አንስ ባሕር ዳርቻ ያለ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበረች፤ መኝታ አሁን በምን እንደሚሸጥ በየቀኑ ታያለች። አንድ እሑድ መጣችና መጋረጃዎቹን ከፈተች፣ የፕላስቲክ ወንበሮቹን ደበቀች፣ አልጋዎቹ ላይ ቀይ አበባ ጣል እያደረገች በስልኳ ፎቶ ታነሳ ጀመር። ዩላሊ በሩ ላይ ቆማ ትነጫነጫለች።

«አንሶላዬን ዓለም ሁሉ ሊያየው ነው?»

«ማሚ፣ ካላዩት አይተኙበትም።»

አባቷንም አልተወችውም። በረንዳው ላይ አቁማ፣ ባርኔጣውን ገልበጥ አድርጋ፣ ባሕሩን ከኋላው አድርጋ አነሳችው። ፎቶዎቹን ማረፊያ በሚከራይበት ድረ ገጽ ላይ አወጣቻቸው፤ ከክፍሎቹም ሥር «ከአልባን ጋር ከተማውን በእግር» የሚል ሌላ ማስታወቂያ ወጣ።

የሆነውን ማንም አልጠበቀም። ከወራት በኋላ አራቱም ክፍሎች ተያዙ። ሰው በአልባን ታሪክ እየሳቀ ይመለስና ድረ ገጹ ላይ ይጽፍለታል፤ ያን ያነበበ ሌላው ይመጣል። መድፉንና ፍየሏን አምኖ የጻፈ ሰውም ነበር። ዩላሊ ቀለም አስቀባች፣ ጣሪያውን አስጠገነች። ከጠዋት ጸሎቷ በፊት እንግዶች የሰጧትን ነጥብ በስልኳ ማየት ልማድ ሆነባት፤ አልባንም «እግዜርም ተራው እስኪደርስ ወረፋ ይዟል» እያለ ያሾፍባት ነበር። እነዚያ ዓመታት መልካም ነበሩ። ቤቱ ማታ ማታ ሲበራ ከእኔ በረንዳ ሆኜ ማየቱ ራሱ ደስ ይለኝ ነበር።

አልባን አንዱን ወሬ ሁለቴ ማውራት ሲጀምር ማንም ልብ አላለም። ውሸታም የዋሸውን ቢረሳ ምን ይገርማል። አንድ ረፋድ ላይ ግን ሰዎቹን አስከትሎ መደቤ ጋ መጣ። ባርኔጣውን አወለቀና «ይህቺ» ብሎ ቆመ። ስሜን እስኪጠራ ጠበቅኩ። አልመጣለትም። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለና ቀስ ብሎ፦

«ከዚህ ወዴት ነው የምወስዳቸው?» አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ «ወደ ገዥው ልጅ ቤት ውሰዳቸዋ» አልኩት።

አልሳቀም። ባርኔጣውን በሁለት እጁ እያሽከረከረ አፍ አፌን ያየኛል፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። መደቤን ለጎኔ ሴትዮ አደራ ሰጥቼ፣ ክንዱን ይዤ፣ እስከ ወደቡ አብሬው ወረድኩ። እንግዶቹ የጉብኝቱ አንዱ ክፍል መስሏቸው ፎቶ ያነሱን ነበር።

ሐኪሙ የማስታወስ ችሎታን የሚበላ በሽታ መሆኑን፣ ቀስ ሊል ቢችልም ወደ ኋላ እንደማይመለስ ነገራቸው። ዩላሊ ከሆስፒታል ስትመለስ ቤቷ ሳትገባ እኔ ጋ መጣች። ወንበር ሳብኩላት፣ አልተቀመጠችም።

«የረሳው ነገር አይደለም የሚያቃጥለኝ፣ ሜርል» አለች። «መርሳቱን ያውቀዋል። መንገድ ላይ ሁሉ ይቅርታ እየጠየቀኝ መጣ።»

ሸርሜይን የእግር ጉብኝቱን ከድረ ገጹ ላይ አወረደችው። ለእሱ ግን ማንም አልነገረውም። ባርኔጣውን ደፍቶ ወደ ወደቡ መውረዱን አላቆመም፤ አንድ ቀን ልጆች ያሏቸውን ባልና ሚስት «ተከተሉኝ» ብሎ ይዟቸው ወጣ። ሰዎቹ ሌላ አስጎብኚ የያዙ ነበሩ፤ የአልባንን ባርኔጣና ፈገግታ ሲያዩ ያ የያዙት ሰው መስሏቸው ተከተሉት። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ጠባብ መንገድ ውስጥ ገብቶ መውጫው ጠፋበት። ልጆቹ በፀሐይ ሲያለቅሱ፣ አባትየው በስልኩ ካርታ እያየ ወደ ወደቡ መልሶ አወረዳቸው፤ አልባንም ከኋላቸው እየተጎተተ ወረደ። የወደቡ በር ጠባቂ በማግስቱ ዩላሊ ዘንድ መጣ። ትልቅ ሰው ነው፣ ግን ልጅ ሆኖ ሚስተር አልባን ሲያስቁት ያደገ ነው፤ ዩላሊንም እንደ አክስት ታንቲ ይላታል።

«ታንቲ ዩላሊ፣ ሚስተር አልባንን ወደቡ ውስጥ እንዳላስገባ ታዝዣለሁ። እኔ ደግሞ እሳቸውን በር ላይ ማቆም አልችልበትም። እባክዎ እቤት ያቆዩልኝ» አላት። በእንጀራው ስለመጣበት ነው እንጂ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ዩላሊም አመስግና ሸኘችው።

እቤት ማቆየቱ ግን ሌላ ጣጣ አመጣ። የቱሪስቱ ወቅት ገና መጀመሩ ነበር፤ ታኅሣሥ። ብቻዋን የምትጓዝ አንዲት ሴት መጥታ ላይኛው ፎቅ ጥጉ ላይ ያለው ክፍል ውስጥ አርፋለች። ከሰዓት በኋላ ከባሕር ስትመለስ አልባንን ጫማውን እንዳደረገ አልጋዋ ላይ ተኝቶ ታገኘዋለች። ጮኸች። እሱም ደንግጦ ተነሳና እሱም ጮኸባት። ያ ክፍል ሸርሜይን ሕፃን ሳለች፣ እንግዳ በሌለበት ጊዜ ትተኛበት የነበረ ነው። «ልጄን የት አደረግሻት?» ነበር የሚላት። እኔ ጩኸቱን ሰምቼ ስሮጥ ሴትየዋ በረንዳው ጥግ ላይ ፎጣዋን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ተሸጉጣለች፤ ዩላሊ ደግሞ መሃላቸው ቆማ ለሁለቱም ይቅርታ ትለምናለች።

ሴትየዋ የዚያኑ ዕለት ለቃ ሄደች። ጻፈችም። ቤቱ ያምራል፣ ባለቤቷም ደግ ናት፣ ነገር ግን አእምሮው ልክ ያልሆነ ሽማግሌ ያለ ፈቃድ ክፍል ውስጥ ይገባል፤ ብቻዋን የምትጓዝ ሴት ወደዚህ ቤት እንዳትመጣ ብላ ነው የጻፈችው። ዩላሊ ደጋግማ አነበበችውና «ምን ውሸት አለበት? እኔም ብሆን እጮህ ነበር» አለች። ቦታ የያዙት ሰዎች አንድ በአንድ ሰረዙ። ከድረ ገጹም ማስጠንቀቂያ መጣ፤ እንዲህ ያለ አቤቱታ ሁለተኛ ከደረሰን ቤቱን እናነሳዋለን የሚል።

የሚቀጥለው እሑድ ሸርሜይን መጣች። ወጥ ቤት ገብተን፣ እንደ ድንች ተቀቅሎ የሚበላውን የዳቦ ፍሬ እየላጥን ነበር፤ ልሂድ ብል ዩላሊ በዓይኗ አስቀረችኝ። ሸርሜይን ነገሩን ዞር ዞር አድርጋ አመጣችው። ጓቭ በሚባለው የዓሣ አጥማጆች ከተማ ያለችው የአባቷ እህት ታንቲ ኢግኔሽያ ብቻዋን ናት፤ ቤቷ ሰፊ ነው፤ አየሩ ይስማማዋል። እስከ ፋሲካ፣ ወቅቱ እስኪያልፍ ብቻ።

«እስኪያልፍ ይደበቅ ነው የምትይኝ?» አለች ዩላሊ። «በገዛ ቤቱ?»

«መድኃኒቱን የሚገዛለት ይህ ቤት ነው ማሚ። ቤቱ ደግሞ እንግዳ ከሌለው ቤት አይደለም።»

«አንቺ ሆቴል ውስጥ ሰው ማስወጣት ለምደሽ ነው።»

ሸርሜይን ቢላዋዋን አስቀመጠች። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ይንጠባጠባል።

«አባቴ እኮ ነው» አለች። «ያቺ ሴት ፖሊስ ጠርታ ቢሆንስ? እጁን አስረው በገበያው መሃል ሲያወርዱት ብናይስ?»

ዩላሊ ያን ቀን እሺ አላለችም። በምትኩ ወደ ላይኛው ፎቅ የሚወስደውን ደረጃ በር ቆለፈችበት። አልባን የተቆለፈ በር ሲያይ ይባስ አለበት፤ በመዳፉ እየመታ እንደ ልጅ ያለቅሳል፤ ላይ የቀሩት ሁለት እንግዶች ቁርሳቸውን አቁመው ያዳምጣሉ። ይህ ሁለት ሦስት ጠዋት ተደጋገመ። ከዚያ ዩላሊ ራሷ ስልክ አንስታ ለኢግኔሽያ ደወለች።

የወሰድነው በሸርሜይን መኪና ነው። ዩላሊ አብሬያት እንድሄድ ስለለመነችኝ ከኋላ ከአልባን ጎን ተቀመጥኩ። ባርኔጣውን አድርጓል፣ ነጭ ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ደስ ብሎታል። መንገዱ ባሕሩን በግራ ይዞ የሚጠማዘዝ ነው፤ አልባን በየኩርባው አዲስ ወሬ ይፈጥራል። እዚህ ኩርባ ላይ ጳጳሱ ከአህያ ወድቀው ሲሳደቡ በሕዝብ ፊት ተሰሙ፤ እዚያ ድልድይ ሥር የሩም በርሜል ተቀብሮ ዓሣዎቹ እስከ ዛሬ ሲሰክሩ ይኖራሉ። ከሁሉም ቀኖች ያን ቀን ምላሱ ተፈታለት። ሸርሜይን መሪውን ይዛ እየሳቀች ታለቅስ ነበር። እናቷ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራለች።

ኢግኔሽያ ደጅ ወጥታ ተቀበለችን። ቤቷ ጀልባዎቹ ከሚወጡበት ዳርቻ አጠገብ ነው፤ የዓሣ ሽታው መኪናው ውስጥ ድረስ ገብቶ ነበር። ልብሶቹን አስገባን፣ አልጋውን አነጠፍን፣ ምሳ በላን። ስንነሳ አልባን ሸኝቶን እስከ መኪናው መጣ። መለያየታችን መሆኑን አላወቀም። ለሥራ የመጣ መስሎታል።

«እንግዶቹ የት ነው የሚያገኙኝ?» አላት።

ዩላሊ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት። «እዚሁ ጠብቅ። እኔ አመጣቸዋለሁ።»

«አትዘግዪ ታዲያ። ፀሐዩ ሳይበረታ መነሳት አለብን።»

መኪናው ሲንቀሳቀስ እኔ ዞሬ አየሁት፤ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን ሲያስተካክል ነበር። እሷ አልዞረችም።

ጠበቀ። ኢግኔሽያ በስልክ እንደነገረችን፣ በየጠዋቱ ታጥቦ፣ ሸሚዙን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። ዓሣ አጥማጆቹ ሲያልፉ «ሚስተር አልባን፣ መርከቡ ገባ እንዴ?» ይሉታል፤ መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር፤ ኋላ ግን ሰላምታቸው ሆነ። «ተቃርቧል» ይላቸዋል። ምሳ ሲደርስ ግባና ብላ ስትለው፣ መጥተው ቢያጡኝስ ይላል። ሳህኑን ደጅ አውጥታ ትሰጠዋለች።

ዩላሊ መጀመሪያ ላይ እሑድ እሑድ ትሄድ ነበር። በሄደች ቁጥር የሚጠይቃት ስለ እንግዶቹ ነው፤ እሷም መንገድ ላይ ናቸው ትለዋለች። ሌላ ምን ትበል። እንግዶቹ በእርግጥም መምጣት ጀምረው ነበር፤ ግን ወደ ጓቭ ሳይሆን ወደ ከተማው ቤት። ነጥቧ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ተመለሰ። እሑድ አንዱ ወጥቶ ሌላው የሚገባበት ቀን ሆነ፤ አንሶላው፣ ቁርሱ፣ ቁልፉ። አንድ እሑድ ቀረች፣ ከዚያ ሌላ። የሚጽፉት ሁሉ ስለ ጸጥታው ነው፤ ቤቱ ጸጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ የሚያሳርፍ። አንድ ቀን በረንዳዋ ላይ ተቀምጠን ከእነዚህ አንዱን ታነብልኝ ነበር። የጻፈው ሰው፣ ይህን የሚያህል ትልቅ ቤት ውስጥ ብቻዋን እየኖረች እንዴት ፊቷ እንደማይጠቁር ገርሞኛል ይላል። ዩላሊ እዚያ ላይ ስትደርስ ማንበቧን አቆመች። ስልኩን ጭኗ ላይ ደፋችው።

በመጋቢት ኢግኔሽያ ደውላ፣ መጠየቁን ትቷል አለች። ባርኔጣውንም አያደርግም፤ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ዩላሊ ይህን ስትነግረኝ «ለምዶ ይሆናል» አለች። ድምፅዋ ግን እንደዚያ አላለም።

ፋሲካ እንዳለፈ ልናመጣው ሄድን፤ እኔና እሷ ብቻ፣ በአውቶቡስ። ስንገባ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ከስቷል፣ ፀጉሩን አሳጥረው ቆርጠውታል። ዩላሊን ሲያይ ብድግ አለ። ፊቱ በራ። እሷም እጇን ዘረጋች።

«እንኳን ደህና መጡ» አላት። «ደሴታችንን ሲያዩ የመጀመሪያዎ ነው?»

ከጋብቻቸው በፊት እንኳ አንቺ እንጂ እርስዎ ብሏት አያውቅም። ኢግኔሽያ አፏን በእጇ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ዩላሊ እጇን እንደዘረጋች ቆመች፤ ከዚያ እንግዳ እንደሚጨባበጥ ጨበጠችው።

«አዎ» አለች። «የመጀመሪያዬ ነው።»

«እንግዲያው ላሳይዎ።»

ክንዱን ሰጣት፣ ያዘችው፣ ወጡ። እኔ ራቅ ብዬ ተከተልኳቸው። በጀልባዎቹ መሃል በዝግታ ሄዱ። መረብ ላይ ይቆማል፣ በእጁ ያሳያታል፣ ወሬ ሊጀምር አፉን ይከፍታል፤ ምንም አይመጣም። «ይህ ... ይህ ድሮ ነበር» ይላል። ወደ ዓሣ መሸጫው ይወስዳትና «ይህም ድሮ ነበር» ይላል። ያ ሁሉ ውሸት፣ ያ ሁሉ ጳጳስና ሰካራም ዓሣ አንድም አልቀረለትም። እሷ ግን በእያንዳንዱ ላይ ቆማ፣ አይታ፣ እንዴት ያምራል ትለዋለች። ውሃው ዳር ሲደርሱ ዞር ብሎ፦

«ባለቤትዎ አብረው አልመጡም?» አላት።

«መጥቷል» አለች። «ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቶብኝ ነው።»

«እንጠብቃቸው እንግዲያ» አለ፤ ቆሙም።

ያን ዕለት ይዘነው ተመለስን። ዳገቱን ስንወጣ ቤቱን አላወቀውም፤ በረንዳው ጥሩ ነው አለ ብቻ። ዩላሊ ጥጉ ላይ ባለው ክፍል፣ ሴትየዋ በጮኸችበት አልጋ ላይ አስተኛችውና ለልጇ ደወለች። ቤቱን ከድረ ገጹ ላይ አንሺው አለቻት። ሸርሜይን የተያዙ ቀኖች እንዳሉ፣ ሰው ትኬት እንደቆረጠ፣ ይህ ሁሉ የተለፋበት እንደሆነ ተናገረች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ የልጅቷ ድምፅ እስከ እኔ ይሰማል።

«ማሚ፣ ምን ብዬ ልሰርዝባቸው?»

«ሰው አለበት በያቸው» አለች ዩላሊ። ስልኩንም ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር ብል ዋሸሁ። እስከዚያ ራሳቸው ይኖሩባቸው የነበሩትን ታች ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለሆስፒታሉ ነርሶች አከራየች፤ የሚገኘው ግን ከበፊቱ ጋር አይተካከልም። ክረምቱ ሲገባ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ፣ ያፈሰሰውን በባልዲ ያዙት። ሸርሜይን ሆቴሏ ውስጥ የሌላ ሰው ተራ ጭምር እየወሰደች መድኃኒቱን ታመጣለች፤ ታስቀምጣለች፣ አባቷን ስማ ትወጣለች፤ ከእናቷ ጋር ግን ከሰላምታ አያልፉም። እኔ ሁለቱም ልክ ነበሩ እላለሁ፤ ይህን ለአንዳቸውም ግን አልተናገርኩም።

አልባን በየጠዋቱ ዩላሊ ቡና ስታመጣለት ከወንበሩ ተነስቶ «እርስዎ አይቸገሩ» ይላት ነበር። «ምንም ችግር የለም፣ ይጠጡ» ትለዋለች። ከጊዜ በኋላ እሷም አንተ ማለቱን ተወችው። በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በጨዋ ሰው አንደበት፣ ስለ አየሩ ሲነጋገሩ እሰማለሁ። ባለቤትዎ ደህና ናቸው ወይ ይላታል። ደህና ነው ትለዋለች። ጥሩ ሰው ናቸው ወይ አላት አንድ ቀን። በጣም ውሸታም ነው አለችው፤ አልባንም ሳቀ። ያ ሳቁ የድሮው ነበር፤ እኔ እዚህ ማዶ ሆኜ ልብሴን እያሰጣሁ ቆሜ ቀረሁ።

በጥቅምት ሳንባው ላይ ጉንፋን ወረደበትና አልጋ ላይ ዋለ፤ መርከቦቹ ተመልሰው ሳይመጡም ሞተ። ቀብሩ ላይ ሰሌዳ ይዘው እንግዳ የሚቀበሉት ወጣቶች ሁሉ መጡ። የበር ጠባቂው ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ሸርሜይን ከእናቷ ጎን ቆማለች፤ ክንዷን አልያዘቻትም፣ ከአጠገቧም አልራቀችም።

ዩላሊ አሁንም ፊት ለፊቴ ናት። በቀደም ገበያ ሳልወጣ መጥታ ገውዝ ስንፈለፍል፣ ሳልጠይቃት ራሷ አነሳችው።

«መርሳቱን የበሽታው ነው ብዬ ትቼዋለሁ» አለች። «እዚያ ደጃፍ ላይ ጠብቅ ያለው ግን በሽታው አይደለም። እኔ ነኝ።»

ቅርፊቱን ጆንያው ውስጥ አራገፍኩና ሌላ ቁና አቀረብኩላት፤ እሱንም ፈለፈልን።

ሸርሜይን እሑድ እሑድ ትመጣለች። እናትና ልጅ የላይኛውን ፎቅ መጋረጃ አውርደው ያጥባሉ፣ በዚህና በዚያ ጫፍ ይዘው ይጨምቃሉ፣ በረንዳው ላይ ይዘረጋሉ። ስለ ነርሶቹ፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ዓሣ ዋጋ ያወራሉ። ስለዚያ ወቅት አያነሱም። አመሻሹ ላይ ልጅቷ ቦርሳዋን አንግታ ዳገቱን ትወርዳለች፤ እናቷ እስክትሰወርባት መስኮቱ ላይ ቆማ ታያትና መስኮቱን ትዘጋለች።